አራት ሙከራ ወይም 30 ቀን

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1967፣ አርብ ምሽት፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት ሴት ባሏ ያዘዘውን አዲስ ሼቭሮሌት ቢስኬይን ከሻጩ ድርጅት ተረክባ ወደ ቤቷ ተነሳች። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደች የትራፊክ መብራት ላይ መኪናው ጠፋ። አስነስታው ጥቂት ሜትር ሳትርቅ እንደገና ጠፋ። ከዚያ ወዲያ በቆመች ቁጥር ይጠፋል። ግማሽ መንገድ ላይ ጭራሽ በመደበኛው ማርሽ አልሄድም አለ። ሴትዮዋ መንገዱን መጨረስ ፈርታ ባሏን ጠራች። እሱም መጥቶ የቀረችውን ጥቂት መንገድ በዝቅተኛው ማርሽ እያዘገመ መኪናውን ቤት አደረሰው።

ባልየው ቤት እንደገባ ሁለት ቦታ ደወለ። መጀመሪያ ባንኩን፤ ለቀሪው ክፍያ የጻፈው የ2,069 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቼክ እንዳይከፈል። ቀጥሎ ሻጩን፤ የሸጣችሁልኝ «ሎሚ» ነው፣ ሽያጩም ፈርሷል ለማለት።

ሻጩ ጎታች መኪና ልኮ ሼቭሮሌቱን ወደ ጋራዡ አስገባ። ሲታይ ካምቢዮው ተበላሽቷል። በሾውሩሙ ውስጥ ለሽያጭ ከቆመ ሌላ መኪና ካምቢዮ ተፈትቶ ተገጠመለት። ከዚያም ገዢው መኪናው ተጠግኗልና መጥቶ እንዲወስድ ተነገረው። ሰውየው አልወስድም አለ። ሻጩ ፍርድ ቤት ሄደ። ጉዳዩ በሻጩ ስም «ዛብሪስኪ ሼቭሮሌት» ተብሎ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

የሻጩ ክርክር ለጆሮ የሚከብድ አልነበረም። ዕቃ ሊበላሽ ይችላል፤ የተበላሸውን አስተካክዬ ካስረከብሁ ምን ጎደለ ነው ነገሩ። ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ከአንድ መኪና አስመጪ ጋር የተጨቃጨቀ ሰው ይህን ክርክር ቃል በቃል ያውቀዋል።

ፍርድ ቤቱ በ1968 የሰጠው መልስ ግን ሻጩ ያልጠበቀው ነበር። ሻጭ ጉድለትን የማስተካከል መብት አለው፤ መብቱ ግን ገደብ አለው። ሰውየው የገዛው ከፋብሪካ እንደተገጣጠመ የወጣ አዲስ መኪና ነው። አሁን «ውሰድ» የተባለው ደግሞ ታሪኩ ከማይታወቅ ካምቢዮ ጋር በሻጩ ጋራዥ የተገጣጠመ ሌላ ነገር ነው። ዳኛው ከብረቱም አልፈው ወደ ገዢው ልብ ገቡ። ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ከብረቱ ጋር የአእምሮ ሰላምም ይገዛል፤ ያ እምነት አንዴ ከተናጋ በመኪናው ላይ ተቀምጦ መንዳት በራሱ ስጋት ይሆናል ሲሉ ጻፉ። ገዢው ቀሪውን ሒሳብ አልከፈለም፤ ቀብድ ያስያዘው 124 ዶላርም ተመለሰለት።

የዚህን ፍርድ ክብደት ለመረዳት ከ12 ዓመት በፊት እዚያው ኒው ጀርሲ ወደተሸጠ ሌላ መኪና መመለስ ያስፈልጋል።

በሜይ 1955 አንድ ባል ለእናቶች ቀን ስጦታ ለሚስቱ አዲስ ፕሊመዝ ገዛ። ሻጩ ብሉምፊልድ ሞተርስ የሚባል ድርጅት ነው። ባልየው የፈረመው ቅጽ ጀርባው በደቃቅ ፊደል የተሞላ ነበር፤ 10 አንቀጽ፣ 65 መስመር። አላነበበውም። ማን ያነበዋል? የዋስትናው ነገር የተቀበረው 7ኛው አንቀጽ ውስጥ ነው። በ90 ቀን ወይም በ4,000 ማይል ውስጥ የተበላሸ ክፍል ቢገኝ ገዢው የማጓጓዣውን ከፍሎ ለፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካው መርምሮ ብልሽቱ የኔ ነው ብሎ ካመነ ይተካለታል። ከዚህ ውጭ ግን ማንኛውም ኃላፊነት፣ በጽሑፍም ይሁን በሕግ የሚገመት፣ ቀሪ ነው ይላል።

መኪናው ከተረከቡት በ10ኛው ቀን፣ 468 ማይል ብቻ ተነድቶ፣ ሚስትየው በመጠነኛ ፍጥነት እየነዳች ሳለ ከኮፈኑ ስር አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማች። መሪው በእጇ ውስጥ ዞረ። መኪናው ወደ ቀኝ ተወርውሮ ከመንገድ ምልክትና ከግንብ ጋር ተላተመ። ሴትዮዋ ተጎዳች፤ መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነ። አምራቹም ሻጩም ያንን 7ኛ አንቀጽ አውጥተው ዘረጉ፤ የገባነው ቃል የተበላሸውን ክፍል ለመተካት ነው፣ ለአካል ጉዳት አይደለም አሉ።

አስተውሉ። በዚያ ዘመን «እንጠግናለን» የሚለው ቃል ለገዢው የተሰጠ ዋስትና ይመስል ነበር እንጂ አሠራሩ ለሻጩ የተሰጠ ጋሻ ነው። ጥገናውን ቃል እየገባ ሌላውን ሁሉ ይዘጋል። ገዢው ደግሞ ወዴትም አይሄድም፤ ያንኑ የዋስትና ቃል የአሜሪካ መኪና አምራቾች ማኅበር አባላት በሙሉ ይጠቀሙበት ነበር። ሦስቱ ግዙፍ ኩባንያዎች፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር፣ በ1958 ከተመረቱት የቤት መኪናዎች 93.5 በመቶውን ይዘዋል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 9 ቀን 1960 ይህ ዓይነቱ አንቀጽ የሕዝብን ጥቅም ይጻረራልና አይሠራም ብሎ ወሰነ። የደቃቁ ፊደል ጋሻ የመጀመሪያውን ትልቅ ስንጥቅ ያገኘው ያን ቀን ነው።

ቀኑን ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚያስገርም የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ከዚያ ፍርድ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ነበር። በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ ስለተሸጠ ዕቃ ጉድለት የሚናገሩ አንቀጾች አሉ። ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛሉ። ሌላም አለ፤ አንቀጽ 2610። አንድን ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ የተዋዋለ ሰው የሚገባው ግዴታ የተወሰነ ውጤት ማምጣት ነው፣ ያውም በራሱ ኃላፊነት። «ሞክሬያለሁ» ማለት አይበቃም ማለት ነው። ጋራዥ የገባ መኪና በዚህ አንቀጽ ጥላ ስር እንደሚወድቅ የሚያስታውስ መካኒክ ይቅርና ጠበቃም ብዙ አይገኝም።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1960ው እና በ1968ቱ ፍርድ ጥገና የሻጩ ማምለጫ መሆኑ ቢነካም፣ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ። ስንት ጊዜ? መኪናው አንዴ ገብቶ ወጣ፤ ተመለሰ። ሁለተኛ ገብቶ ወጣ፤ ተመለሰ። ገዢው መቼ ነው «በቃኝ» የማለት መብት የሚያገኘው? በጃንዋሪ 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት የማግነሰን–ሞስ የዋስትና ሕግ ለዚህ መልስ ሞከረ፤ «ሙሉ» ዋስትና የሰጠ ኩባንያ ከተመጣጣኝ ቁጥር ሙከራ በኋላ ዕቃውን ማስተካከል ካልቻለ ገንዘብ ይመልስ ወይም ዕቃ ይቀይር አለ። «ተመጣጣኝ ቁጥር» ስንት እንደሆነ ግን ሳይናገር አለፈ። መኪና አምራቾችም ዋስትናቸውን «ሙሉ» ሳይሆን «ውስን» ብለው መጥራቱን መረጡ። ነገሩ ባለበት ረገጠ።

ቁጥሩን የጻፈችው ትንሿ ግዛት ኮኔቲከት ናት። የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ጆን ዉድኮክ ያቀረቡት ረቂቅ በ1982 ሕግ ሆነ። ሰዉ «የሎሚ ሕግ» አለው። (በኢትዮጵያ ሎሚ የጥምቀት ዕለት ለልጃገረድ የሚወረወር የፍቅር ምልክት ነው፤ አሜሪካኖች ግን ላዩ አምሮ ውስጡ የሚያኮማትር መኪና ሲገጥማቸው «ሎሚ» ይሉታል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አኬርሎፍ በ1970 ስለ ሎሚ መኪናዎች ገበያ በጻፉት ጥናት መነሻነት በ2001 ኖቤል ተጋርተዋል።) ሕጉ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሁለት መስፈርት አስቀመጠ። አንደኛው፣ ያው ብልሽት አራት ጊዜ ተሞክሮ አልጠገን ካለ። ሁለተኛው፣ መኪናው በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀን ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ። ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ ገዢው መኪናውን መልሶ ገንዘቡን ወይም ምትክ መኪና የማግኘት መብት አለው። ኮኔቲከት በ1984 ጨምራ ሙግቱን በራሷ የሽምግልና ጉባኤ የምታይበት ሥርዓት አቆመች። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ተመሳሳይ ሕግ ወደ ሁሉም ግዛቶች ተዛመተ።

ሰው ስለ ሎሚ ሕግ ሲያወራ የሚያነሳው አራቱን ሙከራ ነው። የሕጉ ብልኀት ያለው ግን ሁለተኛው መስፈርት ላይ፣ 30 ቀኑ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት ይበቃል።

ካምቢዮ ለማውረድ ካምቢዮውን ብቻ መንካት አይቻልም። ባትሪው ይነቀላል፣ የጎማ አክሶች ይወጣሉ፣ ሞተሩን የያዙት ጎማ ለበስ መያዣዎች ይላላሉ፣ የሽቦ ሶኬቶች ይለያያሉ፣ ዘይት የያዙ ጎሚኒዎች ከኖሩበት ቦታ ይነቃነቃሉ። ሲመለስ እያንዳንዱ ብሎን ፋብሪካው በወሰነው ኃይል መጥበቅ አለበት። አንድ ሶኬት በደንብ ካልተቆለፈ ከሳምንት በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። አንድ ጎሚኒ ከተጣመመ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ገዢው የካምቢዮ ችግር ይዞ ገብቶ የመብራትና የዘይት ችግር ይዞ ይወጣል። እዚህ ላይ የደመወዙ አሠራር ይጨመርበት። በአሜሪካ የሻጭ ድርጅቶች ውስጥ ብዙ መካኒክ የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት ሳይሆን ለሥራው በተተመነለት ሰዓት ነው። በዋስትና የሚሠራውን ሥራ የሚከፍለው ደግሞ አምራቹ ሲሆን ተመኑ ጠበቅ ያለ ነው። ስለዚህ በነጻ የሚጠገነው መኪና በችኮላ የሚጠገነው መኪና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ክፋት አያስፈልገውም፤ ስሌቱ በራሱ ወደዚያ ይገፋል።

እንግዲህ ባለ መኪናው በአራተኛው ጊዜ ሲመጣ ሻጩ መዝገቡን ያወጣል። የመጀመሪያው ካምቢዮ፣ ሁለተኛው ካምቢዮ፣ ሦስተኛው የዳሽቦርድ መብራት፣ አራተኛው የዘይት ማንጠባጠብ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ሌላ ብልሽት ነው» ይላል። ጥገናው የወለደው አዲስ ችግር ቆጠራውን ወደ አንድ መለሰው። በአራት ሙከራ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ በደንብ ያልጠገነ ሻጭ በደንብ ከጠገነው ይልቅ ይጠቀም ነበር፤ እያንዳንዱ ስህተቱ አዲስ ቆጠራ ያስጀምርለታልና። 30 ቀኑ ይህን በር ይዘጋዋል። ቀኑ የሚቆጠረው መኪናው ጋራዥ ውስጥ በመሆኑ ነው፤ ብልሽቱ የድሮው ይሁን በጥገናው የተወለደ፣ የካምቢዮ ይሁን የሽቦ፣ ቀኑ ያው ቀን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረቀት ካለ ብቻ ነው። መኪናው መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ባለቤቱ ምን ብሎ አመለከተ። ካሊፎርኒያ በ1971 የመኪና ጥገናን የሚቆጣጠር ቢሮ ስታቋቁም መጀመሪያ የያዘችው ይህንን ነው። ጋራዡ የጽሑፍ ግምት ይስጥ፣ ደንበኛው ሳይፈቅድ ሥራ አይጀምር፣ ደንበኛው ከጠየቀ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይመልስ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ቀይሬዋለሁ» የተባለ ዕቃ በእጅ ካልታየ መቀየሩን የሚያውቀው የቀየረው ሰው ብቻ ነው።

ሕግና ወረቀት እያለም ቢሆን ሻጭ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። የቅርቡ ምሳሌ አውስትራሊያ ናት። ፎርድ በፊየስታ፣ በፎከስና በኢኮስፖርት መኪናዎቹ ላይ የገጠመው «ፓወርሺፍት» የተባለ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲነሳና ሲያዘግም ይንቀጠቀጣል የሚል አቤቱታ በየቦታው ተነሳ። ባለቤቶች ደጋግመው ወደ ሻጮቹ ጋራዥ ተመላለሱ። ከሜይ 2015 እስከ ፌብሩዋሪ 2016 በነበሩት 10 ወራት ለብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ መንቀጥቀጡ የመጣው ከአነዳዳችሁ ነው የሚል ነበር፤ ኩባንያው ግን ካምቢዮው ችግር እንዳለበት ያውቅ ነበር። መኪናው እንዲቀየርለት የጠየቀም ከኪሱ ብዙ ገንዘብ ጨምሮ ሌላ ፎርድ እንዲገዛ ነበር የሚቀርብለት። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ከሰሰ። በኤፕሪል 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ የፎርድ አውስትራሊያን አቤቱታ አያያዝ ሕሊና የሚጻረር አድራጎት ብሎ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው።

ቅጣቱ የተጣለው በአቤቱታ አያያዙ መሆኑ ልብ ይባል። መኪና መበላሸቱ አንድ ነገር ነው። ሰውየውን እጁና እግሩ መንዳት እንደማያውቁ አድርጎ ማሳመን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የሚያንገበግበው ይኼኛው ነው፤ የገዛ ጆሮውንና የገዛ እጁን እንዲጠራጠር መደረጉ።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነበር። አዲስ መኪና ከሻጭ ድርጅት የሚገዛው መንግሥት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅትና ጥቂት ባለሀብት ነው፤ ሌላው የሚነዳው በሌላ አገር ሰው እጅ የኖረ መኪና ነው፣ ዋስትናውም ሰፈሩ ያለው መካኒክ ነው። ያ መካኒክ ሙያውን የተማረበት ቋንቋ እንኳ ሳይቀር የጣሊያን ቅርስ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ። ያልተሳካለት እንደሆነ «ነገ ይምጡ ጋሼ» ይላል፤ ነገ ካልሆነለት ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ጋራዥ ይገባል። ጥበቃው ሕግ ሳይሆን አማራጭ ነበር።

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ስለ ውሳኔው በነዳጅና በውጭ ምንዛሪ በኩል ብዙ ተብሏል፤ በጥገናው በኩል የተባለው ግን ትንሽ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ የለመደው ዓይነት ካምቢዮና ፍሪሲዮን የለውም። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም ፕሮግራሙም ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ዘንድ ነው። ባትሪው ከፍተኛ ቮልቴጅ የያዘ ስለሆነ ያልሠለጠነ ሰው ቢከፍተው ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ጋራዥ መግባት የሚባለው አማራጭ እየጠበበ ነው። ገዢው የ1955ቱ የኒው ጀርሲ ሰው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ የሸጠለትም፣ የሚመረምርለትም፣ ብልሽቱ የማን እንደሆነ የሚፈርድለትም አንድ ሰው ነው።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2610 አሁንም እንደጸና ነው፤ ውጤት ያላመጣ ጥገና ግዴታ አልተወጣም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ለጫማና ለፍሪጅ የተመጠነ ቀን ነው። መኪና ጉድለቱን የሚያሳየው ዳገት ሲወጣ፣ ዝናብ ሲመታው፣ ሦስተኛ ወሩ ሲገባ ነው። አዋጁ ስለ ሙከራ ቁጥርም ሆነ በጋራዥ ስላለፈ ቀን ድምር የሚለው የለም፤ ስለዚህ መኪናው አንድ ቀን ገብቶ ቢወጣም አርባ ቀን ቆሞ ቢከርምም በሕጉ ዓይን ልዩነቱ አይታይም። በብዙ ጋራዥ ደግሞ 15 ቀን ማለት መለዋወጫ ታዝዞ እስኪመጣ ከሚጠበቅበት ጊዜ ያነሰ ነው።

እስከዚያው ገዢው በእጁ ያለው ወረቀቱ ነው። ሲያስገባ ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት፣ ችግሩን በሠራተኛው አጠር ያለ ቋንቋ ሳይሆን በራሱ በባለቤቱ ቃል የያዘ የሥራ ትእዛዝ። ሲያወጣም ምን እንደተፈታና ምን እንደተቀየረ የሚናገር፣ የተፈረመበት ቅጽ። ወረቀት አንሰጥም ካሉም ሲገባና ሲወጣ በስልክ የሚላክ አንድ መልእክት ቀኑን ይይዛል፤ «መኪናውን ዛሬ ጠዋት አስረክቤያለሁ፤ ከባለፈው ጥገና በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ጀምሯል» የሚል።